ሰብለ አባቷን ትወድ ነበር? በልብ ወለድ ውስጥ ስለ ቤተሰብ ፍቅርና ስለ ወዳጅነት

(በባሕር ዳር ለንባብ ወዳጆች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ውድ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች፦

በዚህ በጣና ዳር ምሽት፣ የቀን ሥራችሁን ጨርሳችሁ ወደ ቤታችሁ በመሄድ ፈንታ ስለ መጻሕፍት ለመስማት ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። እንድናገር የተጠየቅሁት በልብ ወለድ ውስጥ ስላለው ፍቅር ነው። ፍቅር ሲባል ግን የአብዛኞቻችን ሐሳብ ወዲያው የሚሮጠው ወደ ወጣት ወንድና ወደ ወጣት ሴት ነው። እኔ ዛሬ እነዚህን ሁለቱን ትንሽ ቆዩን ብዬ፣ በወላጅና በልጅ፣ በወንድምና በእኅት፣ በጓደኛና በጓደኛ መካከል ስላለው ፍቅር፣ ይልቁንም መኖር ሲገባው ስለታጣው ፍቅር፣ ደራሲዎች ምን እንዳሳዩን ልናገር እወዳለሁ።

ወደዚህ ሐሳብ የመራችኝ አንዲት ተማሪ ናት። በዚህ ከተማ ለብዙ ዓመታት አማርኛ ሳስተምር፣ አንድ ቀን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እያነበብን፣ ክፍሉ በሙሉ ስለ ሁለቱ ፍቅረኞች፣ ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል በሚከራከርበት ሰዓት፣ ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ፣ እምብዛም የማትናገር ልጅ እጇን አውጥታ «መምህር፣ ሰብለ አባቷን ትወድ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም እንደ ልማዴ ስለ ፊታውራሪ መሸሻ ኩራት፣ ስለ ዘመኑ የባላባት ሥርዓት፣ ስለ ዘር ቆጠራ አብራራሁላት። እስክጨርስ በትዕግሥት አዳመጠችኝና «እሱን አይደለም፤ ትወደው ነበር ወይ ነው ያልሁት» ብላ ቁጭ አለች። ወዲያው ደወል ተደወለ፤ ተማሪዎቹም ወጡ። እኔ ግን መጽሐፉን ይዤ ባዶ ክፍል ውስጥ ቀረሁ። ያን ያህል ዓመት ሳስተምረው የኖርሁትን መጽሐፍ በዚያች ጥያቄ በኩል አንድም ቀን እንዳላነበብሁት ገባኝ።

ነገሩን ከሥሩ ለመጀመር ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከተቀመጥንበት ቦታ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ብንጓዝ ዘጌ እንደርሳለን። በዚያ በቡና ጫካና በገዳማት በተሞላ ምድር፣ በ1860 ዓ.ም. ገደማ፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ተወለደ። የዚህ ሰው የፖለቲካ ሕይወት በታሪካችን ብዙ የሚያከራክርና የሚያሳዝንም ነው፤ እሱን ለታሪክ ሰዎች እተወዋለሁ። ለእኛ ግን በ1900 ዓ.ም. በሮም ከተማ አንድ ትንሽ መጽሐፍ አሳትሞልናል። «ልብ ወለድ ታሪክ» ብሎ የሰየመው ይህ መጽሐፍ በኋላ በገጸ ባሕርይዋ ስም «ጦቢያ» ተብሎ ታወቀ፤ ዛሬ ለዚህ የጽሑፍ ዓይነት በሙሉ የምንጠቀምበት «ልብ ወለድ» የሚለው ስምም የመጣው ከዚያው ነው። ልብ የወለደው ማለት ነው። መውለድ የቤተሰብ ቃል ነው፤ እናም የአማርኛ ልብ ወለድ ገና ከስሙ ጀምሮ ወደ ቤተሰብ የቀረበ መሆኑ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ታሪኩም ከስሙ አይርቅም። አንድ የክርስቲያን የጦር አለቃ በጦርነት ይማረካል። ሚስት አለችው፤ ዋሕድና ጦቢያ የሚባሉ መንትያ ልጆችም አሉት። አባትየው ከምርኮ ነፃ ለመውጣት የሚጠየቀው ገንዘብ ከአቅሙ በላይ ሆኖ ሲጨነቅ፣ ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቅ አንድ ነጋዴ መከራውን ሰምቶ ዕዳውን ይከፍልለታል። ነጋዴው ዘመድ አይደለም፤ ወዳጅም አልነበረም። ሰው ሲያለቅስ አይቶ ማለፍ አልቻለም፤ ሌላ ምክንያት የለውም። ዋሕድም ነጋዴው ለአባቱ የዋለውን ውለታ ለመመለስ ከቤቱ ይወጣል፤ በመንገድም በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ይወድቃል። ቀጥሎ አባትና ልጅ፣ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ የጠፋውን ዋሕድ ፍለጋ አገር ለአገር ይንከራተታሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንድንቆም እፈልጋለሁ። በመጨረሻ ጦቢያን የሚያገባ ንጉሥ ይመጣል፤ ሠርግም አለ። ነገር ግን ታሪኩን ከገጽ ወደ ገጽ የሚገፋው የንጉሡ ፍቅር አይደለም። የሚገፋው አንድ ያልታወቀ ሰው የሠራው ደግነት፣ አንድ ልጅ ስለ አባቱ የተሸከመው የውለታ ዕዳ፣ አንዲት እኅት ስለ ወንድሟ ያሳለፈችው ድካም ነው። አፈወርቅ ይህን መጽሐፍ ያሳተመው በኔፕልስ ከተማ አማርኛ በሚያስተምርበት ዘመን ነው፤ ከዘጌ እጅግ ርቆ ማለት ነው። ቤተሰብ ተበትኖ እንደገና ሲሰበሰብ የሚያሳይ ታሪክ ከአገሩ በራቀ ሰው እጅ መጻፉ በአጋጣሚ አይመስለኝም። ይህ ግን የእኔ አነባበብ ነው፤ ደራሲው እንዲህ ብሎ አልነገረንም።

የ«ጦቢያ» ሰዎች ፍቅራቸው ሁሉ ግልጥ ነው፤ የሚለያያቸው ጦርነት፣ ምርኮና ባሪያ ፍንገላ ነው፤ ክፋቱ ከውጭ የሚመጣ ነው። ፍቅር ከቤቱ ውስጥ ራሱ እንዴት እንደሚታጣ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ በጥልቀት ለማየት ግን ግማሽ ምእተ ዓመት ያህል መጠበቅ ነበረብን። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. አሳተሙልን። ታሪኩ የሚጀምረውም እዚሁ ጎጃም፣ ማንኩሳ ላይ ነው።

ይህን መጽሐፍ እኔ መጀመሪያ ያወቅሁት በዓይኔ ሳይሆን በጆሮዬ ነው፤ ከእናንተም ውስጥ ብዙዎቻችሁ እንደዚያው ትሆናላችሁ። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፣ ሬዲዮ ያለው ቤት በጎረቤት ይሞላ ነበር። አባቴ ከበሩ አጠገብ ባለችው መደብ ላይ ተቀምጦ፣ በትሩን በሁለት እግሮቹ መካከል አቁሞ ያዳምጣል። ልብ የሚነካ ቦታ ሲደርስ «ከብቶቹ ደኅና መሆናቸውን ልይ» ብሎ ይወጣል። በዚያን ሰዓት ከብቶቹ ሁልጊዜ ደኅና ነበሩ።

ወደ መጽሐፉ ልመለስ። የበዛብህ ወላጆች ውድነሽ በጣሙና ቦጋለ መብራቱ ናቸው። አንድ ልጃቸው በሕመም ሊያመልጣቸው ሲል፣ ከተረፈ ዕድሜውን ሙሉ ከትዳር ርቆ ቤተ ክርስቲያንን እንዲያገለግል ተሳሉ። ስለት ቀላል ነገር አይደለም፤ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። እኔም ሕፃን ሳለሁ በጠና ታምሜ፣ እናቴ ለደብራችን ጃንጥላ ተስላ እንደነበር ሰዎች ነግረውኛል። ሐኪም በሌለበት፣ መድኃኒት በማይገኝበት ቤት፣ ወላጅ ለልጁ ሊያደርገው የሚችለው የመጨረሻው ነገር ስለት ነው፤ ስለዚህ የበዛብህን ወላጆች ለመውቀስ ምላሴ አይታዘዝልኝም። የሐዲስ ዓለማየሁ ትልቅነትም እዚህ ላይ ነው፤ እሳቸውም አልወቀሷቸውም። ልጃቸውን ከዓይናቸው ብሌን አብልጠው የሚወዱ ሁለት የዋህ ገበሬዎችን አሳዩን፤ ያው ፍቅራቸው ግን የልጁን ሕይወት እሱ ገና አፉን ሳይፈታ ቆርጦ ሰጠው። ጃንጥላ ቢሰጥ ጃንጥላው አያዝንም። ሰው ሲሰጥ ግን የተሰጠው ሰው አድጎ፣ አንድ ቀን አንዲትን ልጅ አይቶ፣ «እኔስ ጠይቃችሁኝ ነበር?» የሚልበት ጊዜ ይመጣል።

የሰብለ ወንጌል ቤት ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ይመስላል፤ በቅርብ ሲታይ ግን ዘመዱ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ለማን ሊድሩ ነው? የመጣው ሁሉ አጥንቱ ይቆጠራል፤ የአንዱ በአያቱ፣ የሌላው በቅድመ አያቱ እንከን ይገኝበታል፤ የሚመጥን ጠፍቶ ጠያቂው እየቀነሰ፣ የልጅቱም ዕድሜ እየገፋ ይሄዳል። ፊታውራሪን እንደ ጨካኝ አባት ብቻ ማንበብ ቀላል ነው፤ እኔም ለዓመታት ያስተማርሁት እንደዚያ ነበር። ዛሬ ግን የሚታየኝ ሌላ ነገር ነው። ፊታውራሪ ልጃቸውን እንደሚወዱ ቢጠየቁ ያለ ማመንታት «እንዴታ!» ይሉ ነበር፤ አይዋሹምም። ነገር ግን እሳቸው ሰብለን ሲያዩ የሚታያቸው የቅድመ አያቶቻቸው ስም ነው። የሰውን ሁሉ አጥንት ሲቆጥሩ፣ ያቺን አጠገባቸው ያለችውን ልጅ ሳይቆጥሯት ቀሩ። እሷ ምን እንደምታስብ፣ ሌሊት ለምን እንቅልፍ እንደማይወስዳት፣ ከመምህሯ ከበዛብህ ፊደል ስትቆጥር ፊቷ ለምን እንደሚበራ፣ በዚያ ሰፊ ግቢ ውስጥ ልብ የሚለው ወላጅ አልነበራትም።

የፍቅር እጦት ማለት ጥላቻ ማለት አይደለም የምለው ከዚህ ተነሥቼ ነው። ጥላቻ ቢያንስ የሚጠላውን ሰው ትኩር ብሎ ያያል። ጠላት ጠላቱን ያጠናዋል፤ መውጫ መግቢያውን ያውቃል። በቤተሰብ ውስጥ ያለው የፍቅር እጦት ግን አብዛኛውን ጊዜ ለዚያ ሰው የሚገባው ፍቅር ለሌላ ነገር ሲከፈል የሚፈጠር ነው፤ ለስም፣ ለክብር፣ ለስለት፣ ለርስት፣ አንዳንዴም ለሞተ ሰው። ቤቱ ውስጥ ፍቅር ሞልቷል፤ ለልጁ የሚደርሰው ግን የለም። ታላላቅ ደራሲዎች ይህንን ስለሚያውቁ፣ ልጁን የሚደበድብ አባት ከመሳል ይልቅ ልጁን የማያይ አባት ሲስሉ ይበልጥ ያሳምሙናል።

እንግዲህ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የሚያይ ሰው ማነው? ጉዱ ካሳ ነው። ሰው ሁሉ አብዷል ብሎ «ጉዱ» ያለው፣ በሥጋ የዚያው ባላባት ቤት ሰው የሆነው ካሳ ዳምጤ፣ ከዲማ ለመጣ ለአንድ ድኻ ተማሪ ጆሮውን ሰጠ። ብዙ ጊዜ ስለ ጉዱ ካሳ ስንናገር የሚታወሰን ስለ ሥርዓቱ የተናገረው ትንቢት የመሰለ ነገር ነው፤ የተማረ ሰው ሁሉ እሱን ይጠቅሳል። እኔ ግን ጉዱ ካሳ ከመናገሩ ይልቅ ማዳመጡ ይበልጥብኛል። በዛብህ ለማንም ሊናገረው የማይችለውን የልቡን ነገር የሚያራግፈው እሱ ዘንድ ነው። ምክርም፣ መሸሸጊያም፣ ተግሣጽም ከእሱ ያገኛል። ወላጆቹ በስለት፣ ሕዝቡ በዘር ያሰሩትን ልጅ፣ እብድ የተባለ ሰው እንደ ሙሉ ሰው ቆጠረው።

መጨረሻውን ደግሞ አስታውሱ። የመጽሐፉን ስም ስንሰማ በመቃብሩ ውስጥ ሁለት ሰዎች ያሉ ይመስለናል። እዚያ ያረፉት ግን ሦስት ናቸው፤ ጉዱ ካሳም ከሁለቱ ጋር ተቀብሯል። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ብዙዎቹ ይገረማሉ፤ መጽሐፉን አንብበው እንኳ ዘንግተውታል። እስከ መቃብር የዘለቀው የወንድና የሴት ፍቅር ብቻ አልነበረም፤ ወዳጅነትም እስከዚያው ዘልቋል። እኔ ሐዲስ ዓለማየሁ ያን ሦስተኛ ሰው እዚያ ያስቀመጡት አውቀው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ርእሱንም ከዚያ ወዲህ በሌላ ጆሮ ነው የምሰማው።

ከአገራችን ትንሽ ወጣ ብዬ አንድ ሌላ መጽሐፍ ልጥቀስ። ናይጄሪያዊው ቺኑዋ አቼቤ «ቲንግስ ፎል አፓርት» የተባለውን ልብ ወለዱን ያሳተመው በ1958 እ.ኤ.አ. ነው፤ የእኛው «ፍቅር እስከ መቃብር» የወጣበት 1958 በእኛ አቆጣጠር ስለሆነ፣ ቁጥሩ አንድ ቢመስልም በመካከላቸው ሰባት ስምንት ዓመት አለ። የአቼቤ ኦኮንክዎ ድካምን የሚፈራ ሰው ነው። አባቱ ኡኖካ ዋሽንት ነፊ፣ ባለ ዕዳ፣ በሰው ዘንድ የማይከበር ሰው ስለነበረ፣ ኦኮንክዎ እሱን ላለመምሰል ዕድሜውን ሙሉ ይታገላል፤ ከቁጣ በቀር ሌላ ስሜት በአደባባይ አያሳይም። በዚህ ሰው ቤት ኢኬሜፉና የሚባል ልጅ፣ ከሌላ መንደር በካሣ የተሰጠ፣ ሦስት ዓመት ይኖራል። ልጁ «አባቴ» ይለዋል። ኦኮንክዎም በልቡ ይወደዋል። መንደሩ ልጁ እንዲገደል ሲወስን፣ አንድ ትልቅ ሰው መጥቶ «ልጁ አባቴ ይልሃል፤ በሞቱ እጅህን አታግባ» ብሎ ያስጠነቅቀዋል። ኦኮንክዎ ግን አብሮ ይሄዳል። ልጁ የመጀመሪያው ምት ሲያርፍበት «አባቴ፣ ገደሉኝ!» እያለ ወደ እሱ ይሮጣል፤ ኦኮንክዎም ደካማ እንዳይባል ፈርቶ በራሱ ገጀራ ይጥለዋል።

ይህን ክፍል ለተማሪዎች ሳነብ ድምፄ ሳይሰበር ጨርሼው አላውቅም። ምክንያቱም ኦኮንክዎ ልጁን አልጠላውም፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ እህል አልቀመሰም። ፍቅሩ ነበረ፤ መውጫ በር ግን አላበጀለትም። በእኛም አገር ልጁን የሚወድ፣ ግን ልጁን ስሞ ሲያበቃ ሰው አየኝ ብሎ የሚዞር፣ ከልጁ ጋር ማዕድ ላይ ሲቀመጥ የሚያወራው የሚያጣ ስንት አባት አለ? ከብቶቹን ሊያይ የሚወጣው አባቴ ከነሱ አንዱ ነበር። አቼቤ ይህንን የዝምታ ፍቅር እስከ መጨረሻው ወስዶ ምን ሊሠራ እንደሚችል አሳየን። ከሁሉ ይበልጥ የሚከፋው ደግሞ በዚያው ቤት ሌላ ልጅ ሁሉንም እያየ መሆኑ ነው፤ የኦኮንክዎ ልጅ ንዎዬ የሆነውን ባወቀ ቀን ውስጡ አንድ ነገር ተበጠሰ፤ ከጊዜ በኋላም አባቱን ትቶ ሄደ።

አሁን ወደ ቋንቋችን ልምጣ፤ ልብ ወለድ የሚሠራው ከቋንቋ ነውና። አማርኛ የአባትን አዲስ ሚስት «እንጀራ እናት» ይላታል። በተረቶቻችን ውስጥ እንጀራ እናት ምን እንደምትሠራ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ትከለክላለች፣ ታስርባለች፣ ልጁን ለአውሬ ትልካለች። ስሟ ግን እንጀራ የምትሰጥ ይላል! ተረቱ የሚለውንና ቃሉ የሚለውን ሳስተያይ፣ ቃሉ ከተረቱ ይልቅ እውነተኛ ይመስለኛል። ጓደኛንም ስንጠራ «ባልንጀራ» እንላለን፤ ቃሉን ብንፈታው በውስጡ ያው እንጀራ አለ። ያልወለደውን ልጅ ማር በአውራ ጣቱ አጥብቶ «የጡት ልጄ» የሚል ሕዝብ፣ ልጅ ያነሣለትን ሰው «አበልጅ» ብሎ ከሥጋ ዘመድ እኩል የሚያፍር ሕዝብ፣ ዝምድና በደም ብቻ እንደማይሠራ ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። ልብ ወለዶቻችን ግን ይህንን ሀብት ገና በአግባቡ አልነኩትም፤ ደግ እንጀራ እናት የጻፈልን ሰው እጅግ ጥቂት ነው።

ይህን የምለው የማውቃት ስላለችኝ ነው። እናቴ ያረፈችው ገና ልጅ ሳለሁ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያሳደገችኝ እንጀራ እናቴ ናት። እንጀራ ስትጋግር ከምጣዱ ጎን እቀመጥ ነበር። ሊጡ ሊያልቅ ሲል፣ ከቡሖ ዕቃው ጥግ የቀረውን በእጇ ጠርጋ፣ መዳፍ የምታህል እንጎቻ ትጋግራለች። በቤቱ የራሷ ሁለት ልጆች ነበሩ፤ ከእኔም ያንሱ ነበር። እንጎቻዋ ከምጣዱ ስትወጣ ግን፣ ትኩሱን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው እያገላበጠች፣ በትንፋሿ እፍ እፍ ብላ አብርዳ፣ መጀመሪያ የምትሰጠው ለእኔ ነበር። ለምን እንደሆነ አንድም ቀን አልተናገረችም። «ልጄ» ስትል የሰማኋት እንኳ ካደግሁ በኋላ ነው። ተረቱን በተማሪ ቤት መጽሐፍ ውስጥ ሳነብ፣ እንጀራ እናት የተባለችው ያቺ ክፉ ሴት ማን እንደሆነች ግራ ገብቶኝ፣ ቤት ሄጄ ደጋግሜ ፊቷን እንዳየሁት ትዝ ይለኛል።

እዚህ ያላችሁ ወጣት ጸሐፊዎች፣ ስትጽፉ ፍቅርን በገጸ ባሕርያችሁ አፍ ለማስነገር አትቸኩሉ። በየጊዜው እንዳነብላቸው የሚሰጡኝ ወጣቶች የሚጽፏቸው ሰዎች «እወድሻለሁ፣ እወድሃለሁ» ይባባላሉ፤ እናት ለልጇ «ካንተ በላይ ማን አለኝ» ትላለች። በኑሯችን ውስጥ ግን እናት ይህን ብዙ ጊዜ አትልም፤ ሊጥ ትጠርጋለች። የወንድማማችና የእኅትማማች ነገር ደግሞ በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ ገና ያልታረሰ መሬት ነው ብዬ አስባለሁ። የሁለት ሴቶች ወዳጅነት፣ ከልጅነት እስከ እርጅና የዘለቀ፣ ባልና ልጅ ያልበጠሰው፣ በአበልጅነትና በማኅበር የታሰረ ጓደኝነት፣ በየመንደሩ ሞልቶ ሳለ በመጻሕፍቶቻችን ውስጥ ጥግ ይዞ የተቀመጠ ነው። ሴቶቹ እዚያ ቢገኙ እንኳ ስለ ወንድ ሲያወሩ ነው የምናገኛቸው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሐይቁ ዳር ስሄድ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፤ ሁለቱም በታንቋ ዓሣ የሚያጠምዱ፣ በአባታቸው መሬት ተጣልተው መነጋገር ያቆሙ። ታንቋ ከደንገል የሚሠራ ስለሆነ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ከሐይቅ ሲወጣ ቆሞ ፀሐይ ካልመታው ቶሎ ይበሰብሳል። የዚያን ቀን ታናሽየው ዓሣውን ተሸክሞ ወደ ገበያ ቸኩሎ ሄደ፤ ታንቋውን እዳር ላይ እንደተጋደመ ትቶት። ታላቅየው የራሱን ታንቋ አንሥቶ በዛፍ ላይ አስደገፈ። ትንሽ ቆመ፤ ወደ መንገዱ አየ። ከዚያ ተመልሶ የወንድሙን ታንቋ አነሣና ከራሱ ትንሽ ራቅ አድርጎ፣ ፀሐይ በደንብ ወደሚያገኘው በኩል አቆመው። ጨርሶም እጁን በቁምጣው ጠርጎ ሄደ። በማግስቱ ሰላም ይባባሉ እንደሆነ ብዬ ሰው ጠየቅሁ፤ አልተባባሉም። ለእኔ በዚያ ጠዋት ከዓይኔ ፊት የሆነው አንድ ሙሉ ልብ ወለድ ነው፤ ፍቅሩም እጦቱም እዚያች ትንሽ ርቀት ላይ፣ በሁለቱ ታንቋዎች መካከል ነበሩ። ከእናንተ የሚጽፈው ቢገኝ አደራ፣ በመጨረሻ አታስታርቁብኝ።

ያቺን ተማሪ አልረሳኋትም። ከጥያቄዋ በኋላ፣ መልስ ስላልነበረኝ፣ ክፍሉን በሙሉ ስለ አንድ አባትና ስለ አንዲት ልጅ አጭር ታሪክ እንዲጽፉ አዘዝኋቸው። የእሷ አንድ ገጽ ተኩል ብቻ ነበር። አንዲት ልጅ በየማታው አባቷ ከእርሻ ሲመለስ ውኃ ታስታጥበዋለች። አባትየው ውኃውን ያያል፤ የእጁን ጭቃ ያያል፤ እሷን ቀና ብሎ አያያትም። እሷም በየማታው፣ እሱ ከመምጣቱ በፊት፣ ማሰሮውን ከምድጃው ጥግ ታስጠጋለች። ይህ ለብዙ ዓመት ይቀጥላል፤ ደራሲዋ ግን በአራት ዓረፍተ ነገር ብቻ ጨርሳዋለች። ከዚያ ልጅቱ ትዳራለች። በዚያው ማታ ታናሽ ወንድሟ ውኃ ይዞ ይመጣል። አባትየው እጁን ይዘረጋል፤ ውኃው ይፈስበታል፤ እጁን በአየር ላይ እንደያዘ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ የሚያስታጥበውን ልጅ ያያል፤ «ዛሬ ውኃው ቀዝቅዟል» ይላል።

ከዚህ በታች ሌላ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋ ነበር፤ ግን በእስክሪብቶ ደጋግማ ሰርዛዋለች። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቼ የተሰረዘውን ላነበው ነበር፤ ተውሁት።